ወፎቹን ከእኛ ጠብቆ ወፎቹን ላሳየን አስጎብኚ

ይህን ምስጋና ከጉዞው እንደተመለስን መጻፍ ነበረብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ። ዛሬ ጠዋት እናቴ ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ስታገላብጥ ቆየችና «ያን ልጅ አመሰገንሽው ወይ?» አለችኝ። በስልክ አመስግኜዋለሁ። ግን እንደሱ ያለ ሰው ሰው በተሰበሰበበት ቢመሰገን ነው ደስ የሚለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ከእናቴ፣ ከታላቅ ወንድሜና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለሦስት ቀን ወፍ ለማየት ወደ ባሕር ዳርቻ ወርደን ነበር። የመራን በዚሁ ሥራ የሚተዳደር ወጣት አስጎብኚ ነው። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

የቀድሞ ልምዴን ሳልናገር ግን የሱ ሥራ ዋጋው በደንብ አይታይም። ከሁለት ዓመት በፊት ከሌላ አስጎብኚ ጋር ሄጄ ነበር። ሰውየው መንጋ ባየ ቁጥር እያጨበጨበ ይሮጥባቸዋል፤ ሲነሱ ፎቶ እንድናነሳ ብሎ ነው። ፎቶው አምሮ ወጣ። ወፎቹ ግን በአንድ ጠዋት አራት አምስት ጊዜ ካረፉበት ተነሱ፣ በመጨረሻም ቦታውን ጥለው ሄዱ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እኛን መከተል አልቻለችም፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ዋለች። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለዚህኛው ጉዞ ስደውል ቀድሜ የተናገርኩት የእናቴን ጉልበት ነው። «ችግር የለም» ብሎ የሚያልፈው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ይጠይቀኝ ጀመር። ሳትቀመጥ ስንት ደቂቃ መቆም ትችላለች? መነጽር ታደርጋለች? የትኛው ዓይኗ ይሻላል? የሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረገችው ቀኝ ዓይኗን እንደሆነና የተሻለ የምታይበትም እሱ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ደግሞ «ያልሽውን ቀን በሁለት ቀን ብንገፋው ይሻላል» አለኝ።

ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዳኝ። ባሕር በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሲጎድል ጭቃው ሰፊ ሜዳ ሆኖ ይጋለጣል። ወፎቹም ትል ፍለጋ እዚያ ሁሉ ላይ ስለሚበተኑ ዳር ለቆመ ሰው ነጥብ ነጥብ ሆነው ነው የሚታዩት። ሲሞላ ደግሞ የሚቆሙበት መሬት እያነሰ ይመጣና እየተጠጋጉ ወደ ዳር ይሰበሰባሉ። እሱ የፈለገልን ባሕሩ ሞልቶ ከማለቁ በፊት ያሉትን ሁለት ሰዓታት ነው፤ እነሱም ፀሐይ ከጀርባችን በምትሆንበት ጊዜ እንዲውሉ። «እኛ ወደ ወፎቹ አንሄድም፤ ባሕሩ ራሱ ያመጣልናል» አለኝ።

አመጣልን። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከውሃው ራቅ ብሎ ባለ የአሸዋ ጉብታ ሥር አስቀመጠን። ጉብታው ከኋላችን ስለሆነ ቁመናችን ሰማዩ ላይ ጎልቶ አይታይም። ለእናቴ ታጣፊ ወንበር ዘረጋላት፤ የቴሌስኮፑን ሦስት እግሮችም አንድ በአንድ እያሳጠረ በተቀመጠችበት ልክ ዝቅ አደረገላት። እናቴ ግራ ዓይኗን ጨፍና ለማየት ስትታገል አያትና «እማማ፣ አይጨፍኑት፣ ይደክምዎታል። በመዳፍዎ ብቻ ይጋርዱት» አላት። ጋረደችው። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ውይ! ዓይኑ እኮ ይታያል!» አለች።

ያየችው ደንሊን የሚባለውን ትንሽ የባሕር ዳርቻ ወፍ ነው። ይህ ወፍ የሰሜኑ ብርድ ሲመጣ ግራጫ ነው፤ ከሌሎቹ ግራጫዎች ለመለየት ዓመታት የለመደ ዓይን ይፈልጋል። በጸደይ ግን የመራቢያ ላባውን ይለብስና ሆዱ ላይ ጥቁር መደብ ያወጣል። ከጎኑ ኬርሉ ሳንድፓይፐር የሚባሉት ቆመው ነበር፤ መንቁራቸው ረጅምና ወደ ታች ጎበጥ ያለ፣ ደረታቸው እንደ ሸክላ የቀላ። እነዚህ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ወርደው የሚከርሙ፣ ለመራባት ደግሞ እስከ ሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ የሚወጡ ናቸው። እኛ ያገኘናቸው መንገድ ላይ፣ ለስንቅ አርፈው ነው።

ስንቅ የሚለውን ቃል ያመጣው እሱ ነው፤ ከጉዞው ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረውም ይኸው ነው። መንጋው አንገቱን ላባው ውስጥ ቀብሮ ሲያርፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አንድ ወፍ ነገረን። ባር ቴይልድ ጎድዊት ይባላል። በ2022 መከታተያ የታሰረለት አንድ ጎድዊት፣ ተፈልፍሎ ገና አምስት ወር ገደማ የሆነው፣ ከአላስካ ተነስቶ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ እስኪደርስ 11 ቀን አንዴም ሳያርፍ 13,560 ኪሎ ሜትር በረረ። እናቴ «እህልስ? ውሃስ?» አለች። መልሱ ስብ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ይበሉና ይሰባሉ፤ ለመብረር የማያስፈልጋቸውን የሆድ ዕቃቸውን እንኳ ያሳንሳሉ። ይህን ከነገረን በኋላ ወደ መንጋው እያመለከተ «አሁን ብናስነሳቸው የሚያቃጥሉት ያንን ስብ ነው። የምንወስድባቸው ስንቃቸውን ነው» አለን። ከሁለት ዓመት በፊት እየተጨበጨበ ፎቶ ያነሳሁበት ጠዋት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ሳንደርሊንግ የሚባሉትን ትናንሽ የባሕር ዳርቻ ወፎች አሳየን። ማዕበሉ ሲሸሽ ተከትለው ይሮጣሉ፣ ሲመለስ ቀድመውት ይሸሻሉ፤ እግራቸው ከፍጥነቱ የተነሳ አይታይም። ከሄዱ በኋላ ሁላችንንም ጠርቶ እርጥቡ አሸዋ ላይ ያለውን ዱካ አሳየን። ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ምንም። ሌሎቹ ዘመዶቻቸው የኋላ ጣት አላቸው፣ ሳንደርሊንግ ግን የለውም። ጎንበስ ብለን ሳንጨርስ ማዕበሉ መጥቶ ዱካውን አጠበው። ወንድሜ ሌላ ዱካ ፍለጋ ወደ ፊት ተራመደ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው እንድጽፍ ያደረገኝ። ወንድሜ ደረቁ አሸዋ ላይ ጥቂት እንደሄደ ፕሎቨር የምትባል አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ወፍ ከፊቱ ብድግ አለችና አንድ ክንፏን መሬት ላይ እየጎተተች፣ እየወደቀች እየተነሳች ትጮህ ጀመር። «ተሰብራለች!» ብሎ ሊያነሳት ሮጠ። አስጎብኚያችን «ጋሼ፣ ቁም! እግርህን አታንሳ!» ብሎ ጮኸ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወፏ ምንም አልሆነችም። ጎጆዋ አጠገብ ስንደርስ የተጎዳች መስላ ወደ ራሷ እየሳበችን ነው። ጎጆ የምለውም አሸዋ ላይ የተጫረ ጎድጓዳ ነገር ነው፤ እንቁላሎቹ ጠጠር ስለሚመስሉ ሰው እያያቸው ይረግጣቸዋል። አስጎብኚያችን ወደ ወንድሜ የሄደው በወንድሜ ዱካ ላይ ብቻ እየረገጠ ነው፤ ሁለቱም በዚያው ዱካ ተመለሱ። ከጓደኞቼ አንዷ እንቁላሎቹን ከሩቅ ፎቶ ላንሳ ብትለው በትሕትና እምቢ አላት። እኛ እዚያ በቆየን ቁጥር እናትየው ከእንቁላሎቿ ላይ ተነስታ ትቆያለች፣ ፀሐዩ ደግሞ እየበረታ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጉዞዎቻችን ሁሉ ያንን ቦታ ዞረን አለፍን፤ ውሻ ይዘው ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች ሲያይም ሮጦ አነጋግሯቸው መንገድ አስቀየራቸው። እንቁላሎቹን አላየናቸውም። በዚህ ቅር ያለው ከመካከላችን የለም።

ቅር ሊለው የሚችል ሰው እንዳለ ግን አውቃለሁና ልናገር። ለትልቅ ፎቶ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ሰው በቂ ቅርበት አይሰጣችሁም። ብዙ አያወራም። አንዳንድ ቀን ባሕሩ የሚሞላው ጎህ ሳይቀድ ስለሚሆን ሌሊት 10 ሰዓት ያስነሳችኋል። ከስድስት ሰው በላይም አይወስድም፤ ሰባተኛ ሰው ለመጨመር ለምኜው አልተሳካልኝም። አሁን ሳስበው ልክ ነበር፤ አንድ ቴሌስኮፕ ላይ ሰባት ሰው ተሰልፎ ወፍ አይጠብቅም። ከአዛውንት ወይም ከሕፃን ጋር ለምትሄዱ፣ ወፍ አይታችሁ ለማታውቁም፣ ከሱ የተሻለ ሰው አላውቅም። እሱ ቀን ከሌለው ሌላ አስጎብኚ ስታናግሩ ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠይቁት። ሳያጣራ ቀን የሚቆርጥላችሁን ተዉት።

የመጨረሻው ቀን የእናቴ ቀን ነበር። አንድ ሳንደርሊንግ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ጋር ትንሽ ባንዲራ የመሰለ ፕላስቲክ ተያይዟል፤ ፕላስቲኩ ላይ ፊደል ተጽፏል። ይህ የወፍ ቀለበት ነገር በ1899 ዴንማርክ ውስጥ ሀንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል መምህር አድራሻ የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት ወፍ እግር ላይ ማሰር ሲጀምር የመጣ ነው፤ ዛሬ በየአገሩ ይሠራበታል፤ ያየ ሰው ፊደሉን መዝግቦ ሲልክ ወፉ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ይታወቃል። አስጎብኚያችን ፊደሎቹን ራሱ ማንበብ ይችል ነበር። ግን ቴሌስኮፑን አስተካከለና «እማማ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ፤ እኔ ልጻፍ» አላት። እናቴ በዚያች በተሠራች ዓይኗ፣ ወፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየጠበቀች፣ ሦስቱን ፊደሎች አንድ በአንድ ጠራች። እሱ ማስታወሻው ላይ የባንዲራውን ቀለም፣ የትኛው እግር ላይ እንዳለና ሰዓቱን ጻፈ። ያነበበው ሰው በሚለው ቦታ ላይ የእሷን ስም አሰፈረ፤ እንዳትሳሳት ብሎም መልሶ አነበበላት።

አስጎብኚያችን፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴን ከመኪና ውስጥ አውጥተህ ከእኛ እኩል አስቀመጥካት፤ ይህን መቼም አልረሳልህም።

ስለ ወፉ ለቀለበት መዝጋቢዎቹ የላከው መልእክት መልስ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ነግሮናል። እናቴ ትናንት ማታም «የኔ ወፍ መልስ መጣላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት።