ደሴና ኮምቦልቻ የኦክስጅን ማሽን ለምትጠቀሙ ቤተሰቦች፦ ምስጋናና ጥቆማ

የሳንባ ጠባሳ (ፐልሞናሪ ፋይብሮሲስ) ላለባቸው ሕሙማን ቤት ድረስ እየሄደ የኦክስጅን ማሽን ለሚጠግነው ወንድማችን ምስጋናችን ይድረሰው። ሳያስፈቅዱ የሰው ስልክ መበተን ነውር ስለሆነ፣ የሚፈልገው በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ይህ ልጅ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የሚወጣውን ኦክስጅን ንጽህና ይለካል። ማሽኑ እየጮኸ፣ ቱቦው እየነፈሰ፣ የሚወጣው ግን ከተራ አየር ብዙም የማይሻል ሊሆን ይችላል። ዘዮላይት የሚባለው የውስጥ ጠጠር ማሽኑ ከክፍሉ ከሚስበው አየር ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን ያሳልፋል፤ ደህና ማሽን 93 በመቶ አካባቢ ይሰጣል። ጠጠሩ እርጥበት ከጠጣ ግን የማጣራት አቅሙ ይወርዳል፤ በጆሮ አይታወቅም። እሱ ማሽኑን በደቂቃ በ1፣ በ3፣ ከዚያም በ5 ሊትር ከፍቶ በመለኪያው ያነባል። ከ82 በመቶ በታች ከሆነ «ይሠራል» ብሎ አይሸኝም።

የከፍታውንም ነገር አይዘነጋም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሐረጎን ወጥተው ደሴ ሲገቡ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጠባሳው ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍበትን ስስ ግድግዳ ስላወፈረው፣ ሕመምተኛው ልዩነቱን ቶሎ ያውቀዋል። ማሽኑም ከፍታ ላይ ይደክማል፤ ወሰኑ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ኮምቦልቻ የተለካ ማሽን ደሴ ሲደርስ እንደገና ይለካል። ይህን ሳይነገረው የሚያደርግ ባለሙያ ብርቅ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ማሽኑ ላይ አይደለም፤ ያኔም ደህናውን ዕቃ ልቀይር አይልም። ኦክስጅኑን የሚያረጥበው የውሃ ጠርሙስ ክዳን ተዛንፎ ከገባ ኦክስጅኑ እዚያው ያመልጣል። የአፍንጫ ቱቦውን ጫፍ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አረፋ ከሌለ ክዳኑንና መጋጠሚያውን እዩ። ጠርሙሱ ውስጥ ዲስቲልድ ውሃ፣ ከታጣ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ በየቀኑ ይቀየር። የስፖንጅ ማጣሪያው በሳምንት አንዴ በሳሙና ይታጠብ፤ በደንብ ሳይደርቅ ግን አይመለስ፤ ጠጠሩን የሚገድለው እርጥበት ነውና። ማሽኑ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ያለ ስታብላይዘር አትሰኩት።

መብራት ሲጠፋስ? ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በደቂቃ 2 ሊትር ሲከፈት 12 ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ስሌቱን ለየቤቱ በወረቀት ጽፎ ሲሊንደሩ ላይ ይለጥፍላቸዋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ሌሊት ግን ድንጋጤ ታስቀራለች።

የወሎ ቤት ያለ ቡናና ያለ ዱዓ አይሆንም፤ ቡናውና ዱዓው ይቅር የሚልም የለም። ከሰሉና እጣኑ ግን ሕመምተኛው ካለበት ክፍል ይውጣ፤ እሳት ከኦክስጅን ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ጭሱም የተጎዳ ሳንባ ጠላት ነው። አፍንጫ ሲደርቅ ቅቤ ወይም ቫዝሊን አትቀቡ፤ ቅባትና ኦክስጅን አብረው ለቃጠሎ ያጋልጣሉ።

ስንት ሊትር እንክፈት ቢሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ሐኪሙ ያዘዘውን»። ልክ ነው። ኦክስጅን ጠባሳውን አያሽርም፤ የደሙን ኦክስጅን ከፍ አድርጎ ልብን ያግዛል። ማሽኑ ከሚችለው በላይ ሲከፈትም ንጽህናው ይወርዳል። በዚህ በሽታ ተቀምጠው በጣት መለኪያ (የደም ኦክስጅን በሚያሳየው) ደህና የተነበበ ቁጥር ሲራመዱ ክፉኛ ሊወርድ ስለሚችል፣ እየተራመዳችሁም ለኩና ቁጥሩን ለሐኪሙ አሳዩ። ጣቱ ይሙቅ፤ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ካለበት ሌላ ጣት ፈልጉ።

ስትደውሉለት የታዘዘውን ሊትርና ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን የሰዓት ቆጣሪ ቁጥር ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።