«አንግሪ በርድስ 2»፦ ብርዱ የት ገባ?

ጸሐፊዎቹ ጥሩ ወንበዴ አግኝተው ነበር፤ መሀል መንገድ ላይ ጣሏት። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «አንግሪ በርድስ 2» የካርቱን ፊልም ዜታ የምትባል ንስር አለች። መኖሪያዋ በበረዶ የተሸፈነ ደሴት ነው። ብርዱ አንገፍግፏታል፤ ስለዚህ የወፎቹንና የአሳማዎቹን ደሴቶች በመድፍ እየደበደበች ነዋሪዎቹን ለማባረርና ሞቃቱን አገር የራሷ መዝናኛ ለማድረግ ትነሳለች። ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ላለ ተመልካች ይህን ፍላጎት ማስረዳት አያስፈልግም። የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ድርጊቷን ባይደግፍም ምክንያቷ ይገባዋል። (በርኖስ የሚያለብሳት ቢገኝ ኖሮ ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።) የወንበዴ ጽሑፍ ግማሹ ሥራ ይኸው ነው፤ ተመልካቹ «እኔም ብሆን» እንዲል ማድረግ።

ችግሩ የሚመጣው ታሪኩ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ነው። ማይቲ ኢግል የሚባለው የወፎቹ አንጋፋ ጀግና ድሮ እጮኛዋ እንደነበረና በሠርጋቸው ቀን ጥሏት እንደሄደ ይነገረናል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የብርድ ፊልም መሆኑ ይቀርና የከዳ እጮኛ ፊልም ይሆናል። ጠቡም የሚበርደው የድሮ ፍቅረኞች ስለታረቁ ነው፤ መዝጊያውም ሠርግ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ዋናው ባለታሪክ ሬድ ከወንበዴዋ ጋር የጀመረውን ግጭት የሚቋጭለት ሌላ ሰው ነው፤ ሬድ ያደረገው ነገር የዜታን ልብ አልለወጠውም። ሁለተኛ፣ ያመንንላት ፍላጎት ሜዳ ላይ ይቀራል። ሁለቱን ምክንያቶች ማገናኘት ግን ከባድ አልነበረም። ማይቲ ኢግል ሞቃቱ ደሴት ላይ ተደላድሎ ይኖራል፤ እሷ በረዶው ውስጥ ቀርታለች። «እኔን ብርድ ላይ ጥሎ እሱ ፀሐይ ይሞቃል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ብትገባ ብርዱም ክህደቱም አንድ ቁስል ይሆኑ ነበር። ዕቃው እጃቸው ላይ ነበር፤ አልተጠቀሙበትም።

ሬድም በሌላ መንገድ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የመጀመሪያ ክፍል ቁጡ መሆኑ ሥራ ነበረው፦ ሌሎቹ ወፎች አሳማዎቹን እልል ብለው ሲቀበሉ እሱ ብቻ ጠረጠረ፣ እንቁላሎቹ ሲሰረቁም ያ ቁጣ ጦር መሣሪያ ሆነ። በሁለተኛው ክፍል ሬድ ጀግና ተብሎ ይከበራል፤ ቁጣው ከስሟል፤ በምትኩ ክብሩን እንዳያጣና እንደ ድሮው ብቻውን እንዳይቀር ይፈራል። ፍርሃቱ ደህና መነሻ ነው። ነገር ግን ከምናየው ይልቅ ሲነገረን ይበዛል። ለመፈተን ድምፁን ዘግቶ ጥቂት ትዕይንቶችን ማየት ይበቃል፤ ሬድ ምን እንደፈራ ከድርጊቱ ማወቅ የሚቻልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ብቻዬን እወጣዋለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ሲልቨር የምትባል ወፍ ተከትላው፣ ወደ ዜታ ምሽግ በሌላ በር ገብቶ የሚያዝበት ክፍል ነው፤ እዚያ ስም ፈላጊነቱ ዋጋ ያስከፍለዋል። ፊልሙ ግን ጉዳቱ ላይ ሳይቆይ ወደ ቀልዱ ይሮጣል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ምስጋናውን ለጓደኞቹ ሲያስተላልፍ መልካም ነው እንላለን እንጂ አንነካም።

ሲልቨር የሬድ ጓደኛ የቸክ እህት ናት፤ የምህንድስና ተማሪ፣ ፈጣንና ብልህ። ከሬድ ጋር ለትውውቅ ሲቀመጡ እንደማይጣጣሙ በስሌት ታስረዳዋለች። የሠራችው ጠንካራ ክርም መጨረሻ ላይ ከዜታ መድፍ የሚተኮሰውን ይይዛል። ታዲያ ጉድለቷ ምንድን ነው? የለም። ስትገባም እንደዚያው ናት፣ ስትወጣም እንደዚያው። በተረቶቻችን ጦጣ ብልጥ ብትሆንም ብልጠቷ አንዳንዴ ራሷን ያጠምዳታል፤ ሲልቨርን የሚያጠምዳት ነገር አልተጻፈላትም።

በዚያ ላይ ዜታን ለመግታት ወፎቹና አሳማዎቹ ጠባቸውን ትተው ያቋቋሙት ቡድን ተጨናንቋል። ሬድ፣ ቸክ፣ ቦምብ፣ ሲልቨር፣ ማይቲ ኢግል፣ ከአሳማዎቹም ሊዮናርድ፣ ኮርትኒና ጋሪ፤ ስምንት ናቸው። ፊልሙ 97 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ተደርቧል፦ ሦስት ጫጩቶች ያስወሰዱትን እንቁላል ፍለጋ ይዞራሉ። ከሁሉ የሚያስቁት እነሱ ናቸው፤ ሆኖም ለአብዛኛው ጊዜ ዋናውን ሴራ አይነኩትም፤ ነቅሎ ለብቻው አጭር ፊልም ማድረግ ይቻላል።

ጽሑፉ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን የመጸዳጃ ቤቱን ትዕይንት ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ጀግኖቹ በአንድ የንስር ልብስ ውስጥ ታጭቀው የዘበኛውን የመግቢያ ካርድ መውሰድ አለባቸው። ግቡ አንድ ነው፣ ካርዱ። እንቅፋቱም ይታያል፤ ዘበኛው አጠገባቸው ቆሟል። ሳቁ የሚመጣው ልብሱ አንድ ሆኖ ውስጡ ያሉት ብዙ ስለሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ በየፊናው ይጎትታል። ማንም ቆሞ ስሜቱን አያብራራም፤ ማን ችኩል፣ ማን ፈሪ እንደሆነ እንቅስቃሴው ይናገራል። የቀረው ሰዓት እንዲህ ቢጻፍ ኖሮ ሐሜት ባልበዛበት። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ሐያስያን ከመጀመሪያው ክፍል የተሻለ ነው ያሉትም እንዲህ ያሉ ቀልዶችን ቆጥረው ይመስላል። በቀልድ ከሆነ እውነት ነው፤ በባለታሪክ አጻጻፍ ግን የፊተኛው ይበልጣል።

ፍላሽ ይዞ ፊልም ለማስጫን ለሚሄድ ወላጅ፦ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ ያስጭኑ፤ አሳማዎቹና ወፎቹ ለምን እንደተጣሉ የሚያስረዳው የመጀመሪያው ነው። ብዙው ቀልድ በድሮ የፈረንጅ ዘፈኖች ላይ የቆመ ስለሆነ በላዩ ላይ ተራኪ የሚናገርበት የትርጉም ቅጂ ዘፈኑን ሲሸፍነው ቀልዱም አብሮ ይጠፋል፤ ከተገኘ ድምፁ ያልተነካው ይሻላል። ቋንቋው ባይገባቸውም ትንንሾቹ በጫጩቶቹ ይስቃሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆኑት ግን ሠርጉ ላይ ሲደርሱ «ታዲያ ብርዱስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ፊልሙ መልስ አላዘጋጀላቸውም።