ሽቦው ቀድሞ ለተዘረጋ ቤት ባለሙያ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንዲት የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሟንና ስልኳን እዚህ አልጽፍም፤ «በሰው በሰው ይምጡልኝ» ብላናለች። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

አያት አካባቢ የገዛነው ቤት ፊኒሺንጉ ያላለቀ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ቤቱን «ስማርት» ሊያደርጉት አስበው ሽቦውን አዘርግተው፣ ግድግዳውን አስለስነው፣ ዕቃው ሳይገባ ወደ ውጭ ሄዱ። እኛ ስንረከበው በየግድግዳው አፉን የከፈተ ስካቶላ (ማብሪያ ማጥፊያ የሚገጠምበት ትንሽ ሳጥን)፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ በር የሚያህል የማከፋፈያ ሳጥን፣ ውስጡ የተጠቀለለ የሽቦ ክምር። ፕላን የለ፣ ምልክት የለ፣ የቱ ሽቦ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው የለ።

ያማከርነው አንድ ሱቅ «ለሁሉም ክፍል የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ ውሰዱ፣ በስልካችሁ ታበራላችሁ» አለን። ሌላው ቤቱን ሳያይ ፕሮፎርማ ሠራልን። ፕሮፎርማው ላይ ለየመኝታ ክፍሉ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መቆጣጠሪያ ተቆጥሯል። አዲስ አበባ ላይ! ባለቤቴ አንብባ «ጋቢው ይበቃናል» ብላ መለሰችለት።

ይህችን ልጅ የጠቆመን ጎረቤታችን ነው። ስትመጣ የዕቃ ካታሎግ አልያዘችም፤ የያዘችው ቴስተር፣ ጠመዝማዥና የእጅ ባትሪ ነው። «ጋሼ፣ ዋጋውን በኋላ እናወራለን፤ መጀመሪያ ስካቶላውን ልየው» አለችኝ። የሳሎኑን ሽቦ ሳብ ስታደርገው የወጣው አንድ አረንጓዴ ኬብል ብቻ ነው። ጫፉን ላጠችው፤ ውስጡ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫና ነጭ ቀጫጭን ሽቦ። ኃይል የሚያመጣው ፌዝ የለ፣ የሚመልሰው ኒውትራል የለ። «እዚህ ግድግዳ ላይ 220 ቮልት አልመጣም። የዋይፋዩን ማብሪያ ማጥፊያ ገዝታችሁ ቢሆን ከምን ጋር ይያያዝ ነበር?» አለችን። ሱቁ ሊሸጥልን የነበረው ዕቃ ከቤታችን ጋር ጨርሶ እንደማይገናኝ የገባን ያን ጊዜ ነው።

እንዳስረዳችን ከሆነ ቤቱ የተዘረጋው ኬኤንኤክስ ለሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የየአምፖሉ መስመር በቀጥታ ወደ ማከፋፈያው ሳጥን ይመለሳል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ መብራቱን ራሱ አይቆርጥም፤ 30 ቮልት ገደማ በሚሄድበት አረንጓዴ ኬብል ትእዛዝ ብቻ ይልካል። ሥራውን የሚሠራው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሪሌ፣ ማለትም ትእዛዝ ሲደርሰው መስመሩን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ፕሮግራም በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ ኢንተርኔት ቢቋረጥም፣ የስልኩ መተግበሪያ ቢበላሽም፣ ቁልፉን ስትጫኑ መብራቱ ይበራል። ለእኔ ጉዳዩን የቋጨልኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኢንስቲዮን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሳይናገር ሰርቨሩን ዘግቶ ደንበኞቹ ቤታቸውን ከስልካቸው ማዘዝ አቅቷቸው እንደነበር አንብቤ ስለነበር፣ የቤቴ መብራት ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ እንዲንጠለጠል አልፈለግሁም።

ግን «ይሄው ነው፣ ሌላ ምርጫ የላችሁም» አላለችንም። ብር ካጠራችሁ፣ አለች፣ አረንጓዴውን ኬብል እንደ በር ደወል ሽቦ ቆጥረን ተራ የደወል ቁልፍ እንግጠምበትና ሳጥኑ ውስጥ አንዴ ሲጫኑት የሚያበራ፣ ደግመው ሲጫኑት የሚያጠፋ ሪሌ እናስገባ፤ ስልክ ላይ አይታይም እንጂ መብራቱ ያው ይበራል። ስማርት የሚባለውን ጨርሶ ካልፈለጋችሁት ደግሞ ቱቦው ሰፊ በሆነበት 220ውን በቱቦው እንሳበው፣ በጠበበበት ግን ልስኑ ይቆረጣል። የሦስቱንም ዋጋ ጻፈችልን። የመጀመሪያው፣ ማለትም ኬኤንኤክሱ፣ ውድ መሆኑን አልደበቀችም፤ ሆኖም ከሱቁ ፕሮፎርማ በግማሽ ያነሰ ነበር፣ ምክንያቱም የማያስፈልገንን ሁሉ አውጥታ ጣለችው። የመጋረጃ ሞተር፣ የሙዚቃ፣ ባለ ቀለም መብራት፣ ሁሉም ወጣ። «መስመሩ ስላለ የፈለጋችሁ ቀን ትጨምራላችሁ» አለች። ዕቃውም ከአንድ ፋብሪካ ጋር አያስርም፤ የኬኤንኤክስ ማረጋገጫ እስካለው ድረስ የኤቢቢውን ከሲመንሱ ጋር ቀላቅሎ መሥራት ይቻላል።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ያሰበች መሆኗን ያሳየኝን ነው። መብራት ሄዶ ሌሊት ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ቦግ ይላል ብዬ ነበር። እሷ ግን ለእያንዳንዱ መስመር «ኃይል ሲመለስ ምን ያድርግ?» የሚለውን ለየብቻ ሞላችው፦ መኝታ ክፍሎች ጠፍተው ይቆያሉ፣ የግቢው መብራት ወደነበረበት ይመለሳል። እናቴ የምትተኛበት ክፍል ጋ ስትደርስ ለብቻው እናቴን ጠየቀቻት። «እማማ፣ ሌሊት መብራት ሲመጣ ይብራልዎት ወይስ ይጥፋ?» እናቴ «የመጸዳጃውን ብቻ ይብራልኝ» አለች፤ እንደዚያው ሆነ።

ውሃውም እንዲሁ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ከመሬት ታንከሩ ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ውሃ ሳይኖር እየዞረ እንዳይቃጠል፣ የታንከሩ ውሃ ሲጎድል አብሮ የሚወርድ ተንሳፋፊ አስገብታ ከሥርዓቱ ጋር አያያዘችው። ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በሪሌው በቀጥታ አላስነሳችውም፤ መሃል ላይ ኮንታክተር፣ ማለትም ብዙ ኃይል የሚችል ትልቅ ሪሌ፣ አስገባች። ካሜራዎቹን ለብቻቸው በተዘረጋው ካት ሲክስ የኔትወርክ ኬብል ትታቸዋለች፤ ኃይላቸውም ምስላቸውም በዚያው አንድ ኬብል ይሄዳል።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ «ማብሪያ ማጥፊያውን እኔ እልካለሁ» ብላ ነበር። ልጅቷ በስልክ አነጋገረቻትና አስቆመቻት፦ የአሜሪካው ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ የስካቶላው ልክም አይመጥንም፣ ዚ-ዌቭ የሚባለው ያለ ሽቦ በሬዲዮ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ የአሜሪካውና የአውሮፓው የሬዲዮ ሞገድ ስለሚለያይ አይግባቡም። ከውጭ ለዘመድ ዕቃ የምትልኩ ይህችን ልብ በሉልኝ። እህቴ በዚያው ገንዘብ ለእናቴ ጫማ ገዛች።

ሥራው ሲያልቅ ያስረከበችን ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ኬኤንኤክስ የሚቀመረው ኢቲኤስ በሚባል ሶፍትዌር ነው። የፕሮጀክቱ ፋይል ከሌላችሁ ነገ ሌላ ባለሙያ ብታመጡ ሥራውን ከዜሮ ሊጀምረው ይችላል። እሷ ፋይሉን ሳንጠይቃት በፍላሽ ሰጠችን፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ምልክት ለጠፈችበት፦ «ወጥ ቤት 1»፣ «በረንዳ»፣ «የእማማ መጸዳጃ»። «እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ይቀጥለዋል» አለች። ደንበኛ እጇ ላይ እንዲቀር የማትፈልግ ባለሙያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ነቀፋ ካላችሁኝ፣ ቀጠሮ ላይ ትዘገያለች፤ ጣሪያ ላይ እየሠራች ከሆነም ስልክ አታነሳም። ቴክስት ጻፉላት፣ ማታ ትመልሳለች። ክፍያ በደረጃ ነው፣ ዕቃውንም ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ትገዛላችሁ፤ ዝርዝሩን ትሰጣችኋለች እንጂ ከዚህ ሱቅ ካልሆነ አትልም።

እንደኛ ሽቦው ተዘርግቶ የቆመ ቤት ያላችሁ፣ ወይም ገና ልስን ያልተመታ ግንባታ ላይ ያላችሁ፣ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የአንድ ስካቶላና የማከፋፈያ ሳጥናችሁን ውስጥ በደንብ በሚታይ ብርሃን ፎቶ አንሱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።