ለቤት ቢራ የመጨረሻ ንባብ የትኛው መለኪያ ይሻላል? የሃይድሮሜትር፣ የሪፍራክቶሜትርና የተንሳፋፊ ዲጂታል መለኪያ ንጽጽር

በቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው መፍላቱ ማለቁን የሚያረጋግጠው፣ የመጠጡ እፍግታ ከውሃ እፍግታ ጋር ሲነጻጸር በሚገኘው ቁጥር ነው። ከመፍላቱ በፊት 1.050 የነበረ የብቅል ውሃ እርሾው የሚችለውን ስኳር ሲጨርስ 1.010 አካባቢ ይደርሳል፤ የሁለቱ ልዩነት በ131.25 ሲባዛ የአልኮሉ መጠን 5.25 በመቶ ገደማ ሆኖ ይወጣል። የመነሻውን ቁጥር በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን በቀላሉ ማግኘት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ላይ ስለሆነ፣ እዚህ መሣሪያዎቹን የምንመዝናቸው በዚያው ነው።

ሪፍራክቶሜትር ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ስለሚበቃውና በቀላሉ ስለማይሰበር ገዢን ቶሎ ይማርካል። ነገር ግን የሚለካው እፍግታን ሳይሆን ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ የሚታጠፍበትን መጠን ነው፤ የብሪክስ (በመቶ የሚገለጽ የስኳር መጠን) መስመሮቹም የተሰመሩት ስኳርና ውሃ ብቻ ላለበት ፈሳሽ ነው። አልኮል ሲገባበት ስሌቱ ይፋለሳል። በ12.4 ብሪክስ፣ ማለትም በ1.050፣ የጀመረው ያው ቢራ በትክክል 1.010 ላይ ቢያልቅም መሣሪያው 6 ብሪክስ ገደማ ያሳያል፤ ይህም በቀጥታ ሲቀየር 1.024 ይሆናል። ባለቤቱ መፍላቱ ተቋርጧል ብሎ ያለቀለት ቢራ ላይ እርሾ ይጨምራል፣ አልኮሉንም 3.4 በመቶ ብቻ አድርጎ ይመዘግባል። ስህተቱን የሚያርም ቀመር አለ፤ ይሁን እንጂ የመነሻውን ብሪክስ ስለሚጠይቅ ያንን ያልመዘገበ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ዕቃው ላይ «የሙቀት ማስተካከያ ያለው» ተብሎ የሚጻፈውም ሙቀትን ብቻ እንጂ አልኮልን አይመለከትም።

በናሙናው ውስጥ የሚንሳፈፈው የመስታወቱ ሃይድሮሜትር በአንጻሩ እፍግታን ራሱን ስለሚለካ አልኮሉ አያደናግረውም፤ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው። ድክመቱ መሰበሩና በአንድ ጊዜ መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ቢራ መፈለጉ ነው። የሚያሳስተው ደግሞ በአብዛኛው በአያያዝ ጉድለት ነው። ገና የፈላ ቢራ ጋዝ ስለያዘ፣ ጥቃቅን አረፋዎች በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ወደ ላይ ያነሡታል፤ ንባቡም ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ናሙናውን ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሌላው ደጋግሞ በመገልበጥ ጋዙን ማስወጣት፣ ከዚያም ሃይድሮሜትሩን በጣት አሽከርክሮ መልቀቅ ይህን ያስቀራል። ቁጥሩ የሚነበበው ዓይንን ከፈሳሹ ገጽ ጋር አስተካክሎ፣ ፈሳሹ መስታወቱን ተከትሎ ከወጣበት ጫፍ ሳይሆን ከዝቅተኛው መስመር ላይ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር ከተማ ከዚህ የሚከብደው ሙቀት ነው። አብዛኛው ሃይድሮሜትር የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንዳንዱም ለ15.6 ዲግሪ ሲሆን፣ የትኛው እንደሆነ በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ሞቃት ወራት ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ የደረሰ ናሙና በባለ 20 ዲግሪው ሲለካ ከ0.002 እስከ 0.003 ዝቅ ብሎ ይነበባል። ይህ የማሳሳቻው አደገኛ አቅጣጫ ነው፤ ምክንያቱም ያላለቀውን ያለቀ አስመስሎ በጊዜው ያልደረሰ ቢራ በጠርሙስ ያስዘጋል፣ ጠርሙሱም በጋዙ ግፊት ሊፈነዳ ይችላል። የናሙናውን ሙቀት የሚለካበትን ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃ የሚፈትሽ ሰውም ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደሚገኝና ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ማስታወስ አለበት። በረዶ በሚቀልጥበት ውሃ ውስጥ ዜሮ ማሳየቱን ማየት ይሻላል።

ሲገዛ ከ0.990 እስከ 1.170 የሚደርሰው ባለ ሰፊ ልኬት ሃይድሮሜትር ጭረቶቹ በ0.002 ስለሚራራቁ፣ ለመጨረሻ ንባብ ከ0.990 እስከ 1.020 ብቻ የሚያነበው ጠባቡ ይመረጣል፤ ሁለቱን መያዝ ለሚችል ግን ሰፊው ለመነሻ፣ ጠባቡ ለመጨረሻ ይሆነዋል። ገበያ ላይ የሚቀርቡትን ተመሳሳዮች መለየትም ያስፈልጋል። የወተት ሰብሳቢዎች ላክቶሜትር ቅርጹ አንድ ቢሆንም አብዛኛው ከ1.015 በታች አያነብም። የጋራዥ የባትሪ አሲድ መለኪያ ደግሞ ከ1.100 በላይ ላለ ፈሳሽ የተሠራ ከመሆኑም ሌላ የአሲድ ቅሪት ስላለበት ከምግብ ጋር መነካካት የለበትም። ለአረቄ የሚሸጠው የአልኮል መለኪያም ስኳር የቀረበትን ቢራ ሊለካ አይችልም፤ 1.010 የሆነ ቢራ ከውሃ ስለሚከብድ መሣሪያው ዜሮ ላይ እንኳ አይደርስም።

ጠላና ጠጅ ለሚጠምቁም መልሱ በከፊል ይለያል። ጠጅ በማር ብዛት የተነሣ በከፍተኛ ቁጥር ስለሚጀምርና ብዙ አልኮል ስለሚያወጣ፣ ሪፍራክቶሜትር በእርሱ ላይ ከቢራም ይልቅ ይሳሳታል። ጠላ ግን ብቅሉና እንኩሮው በየተራ እየተጨመሩ፣ ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ስለሚፈላ እውነተኛ መነሻ ቁጥር የለውም፤ የትኛውም መሣሪያ ቢገዛ ከሁለት ንባብ የአልኮል መጠኑን ማስላት አይቻልም።

ተንሳፋፊው ዲጂታል መለኪያ በመፍያው ዕቃ ውስጥ እየዋኘ ንባቡን ወደ ስልክ ይልካል። የሚለካው በዘንበልታው ስለሆነ እርሾና አረፋ ሲጣበቅበት ቁጥሩ ይዛባል። መውረዱ መቼ እንደቆመ ለማየት ይጠቅማል፤ ለመጨረሻው ቁጥር ግን ሃይድሮሜትር አያስቀርም፣ ዋጋውም ከሁሉም የከበደ ነው።

የተገዛው ሃይድሮሜትር ሥራ ከመጀመሩ በፊት በተጣራ የባትሪ ውሃ፣ አሲድ ባልተጨመረበት፣ በ20 ዲግሪ ይፈተሽ። 1.000 ማሳየት ሲገባው 1.002 ካሳየ ውስጡ ያለው ወረቀት ተንሸራቷል ማለት ነው፤ ሻጩ ካልለወጠው ከእያንዳንዱ ንባብ 0.002 መቀነስ ይበቃል።