ሐዋሳ ወደ ዳር ትስፋ ወይስ ወደ ላይ ትሠራ?

ለቀበሌ ምክር ቤት ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የዕጩዎችን የቤት አቋም ልንጠይቅ ይገባናል፤ የከተማውን ፕላን የሚያጸድቀው ቀበሌው ባይሆንም፣ የነዋሪው ጥያቄ መጀመሪያ የሚነሣው እዚያ ነውና።

ወጪ፦ በከተማው ዳር ባለው በሀዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ በኩል አዲስ ቦታ መሸንሸን ለባለዕጣው ርካሽ ይመስላል፤ ሆኖም መንገድ፣ ውኃና መብራት እስኪገቡ ድረስ ነዋሪው ያተረፈውን በየቀኑ ለባጃጅ ይከፍላል። በነባር ሰፈር ፎቅ መሥራት ለገንቢው ይከብዳል፣ መሠረተ ልማቱ ግን በአብዛኛው አለ።

ስጋት፦ መስፋፋት የአርሶ አደሩን የእንሰት ማሳ ይወስዳል፤ ካሳው ያልቃል፣ ማሳው ግን አይመለስም። ወደ ላይ መሥራት ደግሞ ተከራዩን ያፈናቅላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ሦስትና አራት ሠራተኞች ፍራሽ አጋጥመው፣ ጀሪካን በር ላይ ደርድረው የሚኖሩባቸው የግቢ ክፍሎች መጀመሪያ የሚፈርሱት ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ቢደነግግም፣ የፈረሰን ክፍል አይተካም። የፍሳሽ ነገርም አለ፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል።

ቁጠባ ላለውና ጥቂት ዓመታት መታገሥ ለሚችል ቤተሰብ የመስፋፋቱ አቋም ይስማማዋል። በእግሩ ሥራ ለሚሄድ ተከራይ የሚበጀው ወደ ላይ መሥራቱ ነው፤ ይህም ዕጩው ከማፍረስ በፊት ምትክ ማረፊያ እንዲዘጋጅ በግልጽ ቃል ከገባ ብቻ ነው።