ደሴ ላይ የወሰድነው የደንበኛ አያያዝ ስልጠና እንዴት ነበር

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ በተለይ ምግብ ቤትና ካፌ ያላችሁ። እዚህ ደሴ የደንበኛ አያያዝ ስልጠና የሚሰጡ ልጆች አሉ፣ እኛም አስተናጋጆቹን ካሸሯን ወጥ ቤቶቹን ሁሉ ይዘን ወስደነዋል፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እንዴት ነው እያለ ስለጠየቀኝ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ባጭሩ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል።

እስከዛሬ የማውቀው ስልጠና አዳራሽ ውስጥ ፓወርፖይንት ተከፍቶ «ደንበኛ ንጉስ ነው» ተብሎ ሰርቲፊኬት ተሰጥቶ የሚያልቅ ነው። እነዚህ ግን መጀመሪያ ደብተር አስይዘው ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ አስቀመጡን፣ ዝም ብላችሁ እዩ፣ አትፍረዱ፣ የሰውየውን አይንና እጅ ብቻ ተከታተሉ አሉን። እና ምን አየን መሰላችሁ፣ ሰው ከበር እንደገባ አንገቱን እያዞረ የሚፈልገው እጅ መታጠቢያውን ነው፣ አስተናጋጇ ደግሞ ፈጠን ብላ ሜኑ ታስጨብጠዋለች፣ እሱ ሜኑውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሊታጠብ ይነሳል፣ ትዕዛዝ ልትቀበል ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሌላ ጠረጴዛ ስትሄድ ደሞ ሰውየው እጁ እየተንጠባጠበ ተመልሶ እሷን ማጨብጨብ ይጀምራል።

ከዛ ያየነውን በትልቅ ወረቀት ላይ አሳሉን። ሰርቪስ ብሉፕሪንት ይሉታል፣ አገልግሎቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየደረጃው የሚሳልበት ማለት ነው፣ ሊን ሾስታክ የምትባል አሜሪካዊት በ1984 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ የጻፈችበት ዘዴ ነው። ምሳሌ አድርጋ የወሰደችው ሊስትሮ ነው! መቦረሽ 30 ሰከንድ፣ ቀለም መቀባት 30፣ መወልወል 45፣ ሂሳብ መቀበል 15፣ በድምሩ 2 ደቂቃ፣ የተሳሳተ ቀለም ቢቀባስ የሚለው ሳይቀር ምልክት ተደርጎበታል። ደንበኛው የሚያየውን ከማያየው የምትለይ መስመርም አለች፣ ቀለሙን ገዝቶ ማዘጋጀት ከመስመሯ በታች ነው። እኛ ጋ ከመስመሯ በታች ያለው ኪችኑ ነው፣ ችግሩም የተገኘው እዛው ነው።

እንዴት ተገኘ፣ በሮል ፕሌይ፣ ማለትም አንዱ ደንበኛ አንዱ አስተናጋጅ ሆኖ በመተወን። ወጥ ቤታችን ትልቅ ሴት ናቸው፣ እሳቸውን ደንበኛ አደረጓቸው፣ አንዱ አስተናጋጅ ራሱን ሆነ፣ ቀኑ አርብ ነው ተባለ። «ሽሮው ቅቤ አለው የኔ ልጅ?» «ቆይ ልጠይቅልዎት እማማ» ብሎ ኪችን ሄደ። «የለውም።» «ዘይቱስ፣ ስጋ አልተጠበሰበትም?» እንደገና ሄደ። ለሶስተኛ ጊዜ ሊጠይቁት አፋቸውን ከፍተው ተዉትና «በቃ ሻይ ብቻ አምጣልኝ» አሉ። ሲያልቅ ምን ተሰማዎት ሲሏቸው «ሲመላለስብኝ ያስቸገርኩት መስሎኝ አፈርኩ» አሉ፣ እኚህ ሴትዮ ሁሌ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ልጁን የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው እኮ። እዛው መፍትሄ ተሞከረ፣ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ወጥ ቤቷ የቀኑን ምግብ ምኑ በምን እንደተሰራ ለአስተናጋጆቹ ይነግራሉ፣ ከዛ ያንኑ ትዕይንት ከመጀመሪያው ደገሙት፣ ልጁ ቆሞ መለሰ፣ እማማም ምሳ አዘዙ። አሁን በየቀኑ ጠዋት እናደርገዋለን፣ ወላሂ ለውጥ አለው።

የጎደለው፣ ደንበኛ ሆነው የሚተውኑት ሁሉ እንደኛ አማርኛ አቀላጥፈው የሚያወሩ ሜኑ ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ወሎ እኮ ነን! ከባቲ በኩል የመጣ አፋርኛ ወይ ኦሮምኛ ብቻ የሚችል ሰው በኛ በር ይገባል፣ ማንበብ የማይችል አባት ይገባል፣ «ስጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን?» ብሎ መጠየቅ ፈልጎ ዙሪያውን ብቻ የሚያይ እንግዳ ይገባል። ከነዚህ አንዱም አልተተወነም። እኔ ስጠይቅ ጊዜ የለም ተባለ፣ ይሄ አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም ሳይበላ የሚወጣብን ደንበኛ ይሄ ነው።

ሌላው፣ መጨረሻ ላይ ሳይነግሩን ደንበኛ መስሎ የሚገባ ሰው ልከው ነበር፣ ሀሳቡ ጥሩ ሆኖ የልጆቹን ጥፋት በስም እየጠሩ በሁሉም ፊት ማንበባቸው አልተመቸኝም፣ አንዷ አልቅሳለች። እሱን ለየብቻ ቢነግሯቸው ይሻላል።

ዋጋው ለትንሽ ቤት ከበድ ይላል፣ ሁለት ጎረቤት ቤቶች ተጋርታችሁ ብትወስዱት ይቀላል። ስትመዘገቡ ደግሞ ልምምዱ አዳራሽ ሳይሆን እናንተው ቤት፣ ከራሳችሁ ኪችንና እጅ መታጠቢያ ጋር እንዲሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ አማርኛ የማይችለውን ደንበኛ የሚተውን ሰውም ካላመጡ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አስገቡ።