ሐዋሳ አቶቴ ያለው የቤተሰብ ህክምና ክሊኒክ፦ ለወገብ ህመምና ለትራማዶል ሄደን ያየነው

ቤታችሁ ውስጥ የቆየ ህመም ይዞት በማስታገሻ የሚኖር ወላጅ ወይ ዘመድ ካለ አቶቴ በኩል ያለውን የቤተሰብ ህክምና ክሊኒክ እዩት። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩበትን ታች እነግራችኋለሁ። አራቱን የሰጠሁት ግን ዶክተሯ ህመሙንም መድሃኒቱንም ከቁም ነገር ቆጥራ ስለምታክም ነው። ሌላ ቦታ ወይ ምንም ሳይጠይቁ ይጽፉላችኋል ወይ ደግሞ ሱስ ሆኖባቸዋል ብለው በአንዴ ያስቆማሉ፣ አባቴ ላይ ሁለቱም ደርሷል።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ህመሙ ከወገቡ ተነስቶ በቀኝ እግሩ እስከ ተረከዙ ይወርዳል። አንድ ቦታ ትራማዶል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ ታዘዘለትና ረዳው፣ ከዛ ማዘዣው ካለቀም በኋላ ከፋርማሲ እየገዛ መዋጥ ሆነ፣ መጀመሪያ በቀን ሁለት ፍሬ ከዛ አራት በኋላ ስድስት፣ አንዱ 50 ሚሊግራም ስለሆነ ስድስቱ 300 ማለት ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ደግሞ አልፎ አልፎ ዲያዜፓም ይጨምርበታል። ሌላ ሐኪም ጋ ስንወስደው ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩት አለውና ቤት ገብቶ ላቡ፣ ተቅማጡ፣ መቁነጥነጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሲበረታበት ተመልሶ ጀመረው። ማንም ቀስ ብሎ ነው የሚቆመው ብሎ የነገረን አልነበረም።

እዚህ ክሊኒክ ስትደውሉ ገና ሪሴፕሽኗ የሚወስዱትን መድሃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ ትላለች። ዶክተሯ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አየች፣ የደም ግፊቱን፣ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ሌላ ማስታገሻ፣ አባቴ መድሃኒት አይደለም ብሎ ያልቆጠረውን ሳይቀር። ትራማዶል ላይ ዲያዜፓም መደረብ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ሊያቆም እንደሚችል የነገረችን ያኔ ነው፣ እኔ በበኩሌ ደነገጥኩ ምክንያቱም አባቴ ከዋጠ በኋላ ከባድ እንቅልፍ ሲወስደው ደስ ይለን ነበር፣ አረፈ ብለን። በየቀኑ የሚወስደው አለመሆኑን አጣርታ ዲያዜፓሙን አስቆመችው፣ በየቀኑ ቢሆን እሱም ቀስ ተብሎ ነው የሚቀነሰው አለች።

ከዛ ስሌቱን አሳየችን። ትራማዶል በቀን ከ400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) መመሪያ ደግሞ 300 ሚሊግራም ትራማዶል ወደ ሞርፊን ሲመነዘር 60 ሚሊግራም ይሆናል፣ ያው መመሪያ 50 ላይ ሲደርስ ሐኪሙ ቆም ብሎ ጥቅሙንና ጉዳቱን መልሶ እንዲመዝን ይላል። አባቴ ይሄን ሲሰማ እኔ ሞርፊን አልወስድም ልጄ አላት። እሷም አልተቆጣችም፣ ቀስ ብላ አባባ የአንድ ቤተሰብ መድሃኒት ናቸው፣ ይሄኛው ይለሰልሳል እንጂ ያው ነው ብላ አስረዳችው።

የወደድኩት ጥያቄዋ ግን ሌላ ነው። ህመሙ ከአስር ስንት ነው ከማለቷ በፊት "አባባ፣ ህመሙ ምን እንዳይሠሩ ነው የከለከለዎት?" አለችው። ቅዳሴ ቆሜ መጨረስ አቃተኝ አላት። እሱን ካርዱ ላይ ጻፈችው። ህመሙ ጭራሽ ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም ግን ቅዳሴውን እንዲቆሙ እንሞክራለን አለችው፣ ከዛ በኋላ በየቀጠሮው መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።

አቀናነሱ እንዲህ ነው፣ ከስድስቱ አንድ ፍሬ ታስቀንሳለች፣ ሰውነቱ ከለመደ በኋላ ሌላ አንድ፣ ከከበደው እዛው ላይ ታቆየዋለች፣ ወደ ላይ ግን አትመለስም። ማዘዣውን የምትጽፈው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚበቃውን ብቻ ነው፣ ከአንድ ፋርማሲ ብቻ እንዲገዛም ተስማምተናል። ለነርቭ ህመሙ አሚትሪፕቲሊን አስባ ነበር፣ ግን ሁለቱ ሲደራረቡ የሚጥል ነገር ሊያመጡ ስለሚችሉ ትራማዶሉ በደንብ እስኪወርድ አቆየችው፣ የኩላሊት ምርመራም አዘዘች፣ ዲክሎፌናኩ ኩላሊቱንም ግፊቱንም እንዳይጎዳው። አሁን ሁለት ፍሬ ላይ ነው፣ እንቅስቃሴውን ጠዋት ጠዋት ይሠራል።

ሌላው፣ ቤት ውስጥ መድሃኒቱ የት ነው የሚቀመጠው ብላ ጠየቀች። ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጓደኞቹም ይመጣሉ፣ መድሃኒቱ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ስር ነበር። ትራማዶል ከጫት ጋር የሚወስዱ ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ከቤታችን ሊወጣ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቁልፍ ያለው ሳጥን ገዛን፣ ፍሬውን የምትቆጥረው እናቴ ናት።

እህቴ አራስ ስለነበረች አብራን ሄዳ ስለ ራሷ ጠየቀች፣ ቤቷ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ አላት። ዶክተሯ እያጠባሽ አትውሰጂው አለቻት። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ነው ወደ ሞርፊን የሚቀየረው፣ የሚቀይረው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው፣ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተደራርቦባቸው መድሃኒቱን በጣም ቶሎ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ላይ ይሄ ተገኝቷል፣ በጣም ብዙ ነው። በእናትየው ወተት በኩል ሞርፊኑ ለህፃኑ ይደርሳል። የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. 2017 ላይ ኮዴይንና ትራማዶል ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፣ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ ኮዴይን ለህመምም ለሳልም፣ ትራማዶል ለህመም ጨርሶ አይሰጥም። እባካችሁ አራስ ያላችሁ ይሄን አንብቡት፣ የሳል ሽሮፑንም ጭምር እዩ።

መድሃኒት የምትፈራ ሐኪም ደግሞ አይደለችም። ካንሰር ያለባት ጎረቤታችንን ጉዳይ ሳነሳባት ሞርፊን ከተጀመረ አበቃ ማለት አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለከባድ የካንሰር ህመም ይመክረዋል፣ በልዩ የማዘዣ ወረቀት ይጻፋል እንጂ የተከለከለ አይደለም አለችኝ፣ ለቤተሰቡ ንገሪያቸውም አለች። ነገርኳቸው።

ፋሚሊ ሜዲስን እዚህ አገር ገና ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻሊስት ማሰልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. 2013 ላይ ነው፣ ስለዚህ እንደዚህ ቁጭ ብሎ አባትን፣ እህትን፣ ቤቱን አብሮ የሚያይ ሐኪም ስታገኙ ያዙት።

የቀነስኩት ኮከብ ለመጠበቂያው ነው። ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ ስለምትሰጥ ወረፋው ይንቀራፈፋል፣ እሱን እረዳለሁ፣ ግን ወገቡን የታመመ ሰው መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ያን ያህል ማስቀመጥ ልክ አይደለም፣ አባቴ ግማሹን ጊዜ ቆሞ ነው የጠበቀው። ሁለት ሦስት መደገፊያ ያለው ወንበር ይግዙ። ፊዚዮቴራፒም ውስጡ የለም፣ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚጽፉላችሁ። የካርድ ዋጋው ከሌሎች የግል ክሊኒኮች ብዙ አይለይም።

ጠዋት ሂዱ፣ ትራስ ያዙ፣ መድሃኒቱን ከነካርቶኑ አትርሱ። ቅዳሜም ክፍት ናቸው፣ ዶክተሯ መኖሯን ግን ደውላችሁ አረጋግጡ።